በሬ ያላረሰው መሬት፤ የደባርቅና የዳባት ጓሮ ታሪክ

በሀገራችን የወቅቶች አቆጣጠር ፀደይ መጋቢት 26 ቀን ገብቶ ሰኔ 25 ቀን ይወጣል፤ በማግሥቱም ተራውን ለክረምት ይለቃል። ይህን ድንበር ከባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀጥሎ ጠንቅቆ የሚያውቀው የጓሮ አትክልት የሚያለማ ሰው ይመስለኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር፣ ዳባት ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። በነዚህ ከተሞችና ከስሜን ተራሮች ግርጌ በተበተኑት መንደሮች የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት ይጥላል፣ አንድ ዓመት ይቀራል፤ የክረምቱ ግን በረዶና ጎርፍ አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ግንቦት ከገባ ጀምሮ በየቤቱ ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ፋታ የላትም። የላላው አጥር በእሾህ ይደፈናል፤ በበጋ የተከማቸው አመድና ፍግ ይበተናል፤ የጎመኑ ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ይተከላል፤ በበልግ የገባው ድንች አፈር ይታቀፋል፤ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ እንዳይበሰብስ በዳር በዳሩ ቦይ ይቀደዳል። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ጤና አዳሙም፣ ጌሾውም በየተራ ይታረማል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በሬ የለም። ሥራው የዶማና የእጅ ሥራ ነው፤ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ስለ ወገራ ገብስና ስንዴ፣ ስለ ስሜን ዋልያና ጭላዳ፣ በዚያ መንገድ ስላለፉት ነገሥታትና የጦር አበጋዞች ብዙ ተጽፏል። ጓሮን የታሪክ ርእስ አድርጎ የያዘ ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሬ ሳያርሳት የኖረችው ይህች መሬት፣ በሬውም ጎተራውም ባልነበሩባቸው ጊዜያት ምን እንደሠራች ማሳየት ነው።

ነገሩን ከረሀቡ ወራት መጀመር ይበጃል። የደጋው ዋና መኸር የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሰኔ ሲደርስ የጎተራው ሆድ ጎድሏል፤ የቀረው እህልም ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ለአፍ፣ ከፊሉ ለዘር። የዘሩን እህል የነካ ቤት የሚመጣውን ዓመት አስቀድሞ በላ ማለት ነው። ስለዚህ ምድሪቱ ሁሉ በለመለመችበት፣ ከብቱ ሣር በጠገበበት በዚያው ወቅት ሰው ይራባል። ይህን የደጋ ክረምት ተቃርኖ ያላየ ሰው ልምላሜ ባየበት ሁሉ ጥጋብ ያለ ይመስለዋል። እህሉ አሽቶ እሸት እስኪቀመስ ድረስ ቤቱን የሚያቆየው ከጓሮ የሚቀነጠሰው ቅጠልና ከጓሮ የሚቆፈረው ሥር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የብራና ጽሑፍ ፍለጋ መድከም አያሻም። በመስከረም ወር በየቤቱ የሚባለው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው ቃል በቂ ሰነድ ነው። ዛሬ ይህን አባባል ብዙው ሰው የሚያነሣው አሮጌው ሹም ወርዶ አዲሱ ሲሾም ለቀልድ ያህል ነው። በጥንተ ነገሩ ግን አባባሉ የወጥ ቤት መዝገብ ነው። ክረምቱን ሙሉ በምድጃው ላይ ተጥዶ የከረመው የጎመን ምንቸት እንደነበረ፣ ጎመኑም ከሩቅ እርሻ ሳይሆን ከጓሮ እንደመጣ፣ ሰውም ያንን ምንቸት ማየት እንደሰለቸው ይነግረናል። አንድ ሕዝብ የድስት መውጣትና መግባትን የዘመን መለወጫ ምልክት ካደረገ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ በምን እንዳሳለፈ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ፈንታ ነው።

ጎመኑ ራሱ ታሪክ አለው። የሐበሻ ጎመን ወይም ጎመን ዘር የምንለው ተክል መገኛው ይኸው የኛ ደጋ እንደሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ያምናሉ። ሩስያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሲሰበስብ ከጎንደር ወደ አክሱም ተጉዟል፤ ሀገራችንንም በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት የሰብል መገኛ ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ናጋሃሩ ዩ የተባለው በጃፓን ይሠራ የነበረ ተመራማሪ የጎመን ዘርን የዘር ሐረግ ገለጸ። በሱ ግኝት መሠረት ይህ ተክል የሰናፍጭ ዝርያ ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር ተዳቅሎ፣ የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ የዘር ቅንጣት ይዞ የተፈጠረ ነው። ከሁለት ወገን የወረሰው ሀብት ለጠንካራነቱ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ለዘይትና ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሰጥ ተክል ከምድጃው አጠገብ መኖሩ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ጓሮው ከእርሻው ይልቅ ለም የሆነበት ምክንያትም ከዚያው ከምድጃው ይነሣል። በወገራ ሜዳ ዛፍ ከጥንት ጀምሮ እየተመናመነ በመሄዱ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማሳውም ከፍግ ይራቆታል። የኩበቱ አመድ ግን የሚደፋው ከቤቱ ኋላ ነው። ድንች ከአፈር አብዝቶ የሚፈልገው ፖታሲየም በአመድ ውስጥ ሞልቶ ይገኛል። የቤት ጥራጊው፣ የጠላው አተላ፣ የጥጆቹ ጉድፍ ሁሉ በዚያችው መሬት ላይ ዘመን ከዘመን ሲደራረብ ኖሯል። ሳይንሱን ማንም ሳይነግራቸው የሩቁ ማሳ የሚያጣውን ለቅርቡ ጓሮ ሰጥተውታል ማለት ይቻላል።

መዝጋቢው ግን ይህን መሬት አላየውም። አስራት የሚሰፈረው በአውድማ ላይ ነው፤ ጭቃ ሹሙም የሚቆጥረው የእህሉን ክምር ነው። ጎመን በቁና ተሰፍሮ ለግብር አይገባም። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ንጉሡ የት እንደሰፈረ፣ ስንት ፍሪዳ እንደታረደ ይጽፋሉ እንጂ ከአጥር ጀርባ አይገቡም። የባዕድ ሀገር መንገደኞችም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ በወገራ በኩል ወደ ጎንደር ሲገባ ዓይኑ ያረፈው በገደሉ ግርማና በሜዳው ሰብል ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ብሩስ አንድ ውለታ ውሎልናል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የእንሰትን ሥዕል ከነመግለጫው አቅርቧል። ዛሬ በሰሜኑ ደጋ ኮባ የምንለው ይኸው ተክል በየጓሮው ብቅ ብሎ የሚታየው ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ ተፈልጎ ነው፤ ሥሩን ፍቆ የሚበላ የለም። በደቡብ ሕዝብን የሚመግብ ተክል በሰሜን የዳቦ መጠቅለያ ሆኖ መቅረቱ፣ በጓሮ ውስጥ ያለ ሀብት ሊዘነጋም እንደሚችል ያስታውሰናል።

ስለ መሣሪያውም ማንሣት ይገባል። ዶማውን የሠራው ማን ነው? በወገራ፣ በዳባትና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ወንዶቹ ማረሻውን፣ ዶማውንና ማጭዱን ቀጥቅጠው ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ምንቸቱን፣ ጋኑንና ምጣዱን ከጭቃ ይሠራሉ። ጎረቤቱ ግን በመሣሪያቸው እየቆፈረ፣ በምንቸታቸው እየቀቀለ በክፉ ስም ይጠራቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም.ና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያች የጎመን ምንቸት ሠሪዋን አጣች። በየገበያው የብረት ድስት የተካው ከዚያ በፊት ጀምሮ ቢሆንም፣ የጓሮ ታሪክ ሲጻፍ የነዚህን ሰዎች እጅ መዝለል ግፉን መድገም ይሆናል።

አሁን ወደ ድንቹ እንመለስ። በመጀመሪያ ስሙ የሱ ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የወላይታ ድንች ወይም የኦሮሞ ድንች የሚባለው ሀገር በቀል ሥራ ሥር ዛሬም በስሙ ይታወቃል፤ ከአሜሪካ የመጣው እንግዳ በዚሁ ስም ተጠራ እንጂ ሌላ ስም አልወጣለትም። እንግዳው ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ በግብርናው ጽሑፍ ተደጋግሞ ተገልጿል።

ሺምፐር ለስሜን ባዕድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1837 ኤስሊንገን ከተማ የነበረ አንድ የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ማኅበር ልኮት ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በስሜን እንጨትቃብ አካባቢ ዕፅዋት ሲሰበስብ ነበር፤ በየቅጠሉ ላይ የለጠፈው የቦታ ስም እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይነበባል። የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደዱት፤ እንትጮንም እንዲያስተዳድር ሰጡት። ኢትዮጵያዊት አግብቶም ወለደ። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት ድል ሲሆኑ የሺምፐርም ሹመት አብሮ ወደቀ። ደጃዝማቹ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ጫኑባት። ሺምፐር በኋላ ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ነጻ ወጣ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም በዓድዋ ሞተ። እንግዲህ ድንቹን ያመጣው ሰው ግዛት ያጣ፣ ጌታው የታሰረበት፣ በሁለት መንግሥታት መካከል የተንጠለጠለ ሰው ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ተክል ከቤተ መንግሥት ድጋፍ አላገኘም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ መንግሥት ተጠበበበት፤ ችግኙም ተከፋፈለ፤ ከተማውን ወረሰ። ድንች ግን ዐዋጅ አልታወጀለትም። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በብርዳማው ደጋ በየጓሮው ጥግ ተወስኖ ቆየ። ይህን የሚያወሱ የግብርና ተመራማሪዎች ጓሮውን እንደ መጠበቂያ ክፍል አድርገው ያልፉታል፤ ድንቹ «ከጓሮ ያልወጣበትን» ዘመን እንደ ባከነ ጊዜ የሚቆጥሩም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ርስቱን በእንግዳ ተክል አልሞክርበትም የሚለው አባወራ ትክክለኛ ስጋት ነበረው፤ ማሳው ቢከዳው ዓመቱን ይራባል። በጓሮ ግን አሥር ድንች ቀብሮ ማየት ማንንም አያስርብም። የትኛው ወር ይስማማዋል፣ ጃርት ይቆፍረዋል ወይስ ይተወዋል፣ ውርጭ ምን ያደርገዋል፣ ከሽሮ ጋር ይበላል ወይ፤ ይህ ሁሉ ጥያቄ የተመለሰው በዚያች ጥግ ነው። የምርምር ጣቢያ ከመቋቋሙ በፊት የምርምር ጣቢያችን እሷ ነበረች።

ፈተናው የመጣው በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት ሀገሩን አዳርሶ ከከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። በዚያው ዓመት ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። ድርቅና አንበጣ ተከተሉ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ረሀቡና በሽታው ሕዝቡን ረፈረፈው። በሬ ያለቀበት ገበሬ መሬት እያለው፣ ዝናብ ዘንቦለትም ማረስ አልቻለም። የሀገሪቱ እርሻ በሙሉ የቆመው በሞፈርና በቀንበር ላይ ስለነበረ ቀንበሩ ሲወድቅ ሁሉም ወደቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን የተገደዱት በዚህ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ መጨበጣቸው እንደ ታላቅ ትሕትና ይተረካል፤ ትሕትናም ነበር። ነገር ግን የጓሮዋ እመቤት ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም በየፀደዩ የምትጨብጠው ያንኑ ዶማ ነበር።

ድንች ከጓሮ አልፎ መስፋፋት የጀመረው ከዚህ ከረጅሙ ረሀብ ወዲህ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደሆነ ጸሐፊዎቹ ይስማማሉ። ምክንያቱን ሲገልጹ ረሀብን ያነሣሉ፤ እኔ የበሬውን እጦት እጨምርበታለሁ። ድንች ያለ በሬ የሚተከል፣ በሦስትና በአራት ወር የሚደርስ፣ ሳይወቃ ሳይፈጭ በቀጥታ ወደ ድስት የሚገባ ምግብ ነው። በመጋቢት የቀበረው ሰው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ያወጣዋል፤ ይህም የጎተራው ባዶ ወራት ነው። እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም፤ በክፉ ቀን ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ፤ በየጥጉ የነበረው ጥቂት ድንች ያን እልቂት አላቆመውም። የተረፈው ሰው ግን ምን ሊያተርፈው እንደሚችል አየ።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ከጎንደር ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ስለዚህ ይህ ሀገር ከጦር ሠራዊት አርፎ አያውቅም። ወታደር ስንቁን ከገበሬው ጎተራ ይወስዳል፤ ክምሩን ለፈረስና ለበቅሎ ይበትናል። ከመሬት ውስጥ ያለውን እየቆፈረ የሚለቅም ሠራዊት ግን ጥቂት ነው። በአውሮፓም ገበሬው ድንችን የወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደነበረ የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። ጦርነት በዚህ መንገድ ላይ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ሲደርስ በጭና ብዙ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገድለዋል፤ ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ደባርቅና ዳባት ተጠልለዋል። ወቅቱ ያው የጎመኑ ምንቸት ያልወጣበት ክረምት ነበር።

ድንች በረከት ብቻ ይዞ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1845 ቅጠል የሚያጠቁር፣ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ አየርላንድን መታ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥም ተሰደደ። የአየርላንድ ድኻ ከአንድ ተክል፣ ያውም በአብዛኛው ከአንድ ዝርያ በስተቀር ሌላ ምግብ አልነበረውም። ሺምፐር ድንቹን ወደኛ ያመጣው ይህ ከሆነ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በሽታው በኛም ደጋ አለ፤ ጉሙና እርጥበቱ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ይብሳል። የቀድሞዎቹ ዝርያዎች አቅም ስላልነበራቸው ባለ ጓሮዎቹ መላ መቱ፤ ድንቹን በበልግ ተክለው ክረምቱ ሳይጠና ያነሡታል። በሰኔ አጋማሽ አንዲት ሴት ከድንቹ ሥር በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ አፈሩን መልሳ ስትሸፍን ብታዩ፣ በጉጉት አትመስላችሁ፤ ከበሽታው ጋር እሽቅድምድም ይዛ ነው። በተጨማሪም ድንቹ አጠገብ ጎመኑ፣ ባቄላውና ነጭ ሽንኩርቱ ስለነበሩ አንዱ ቢከዳ ቤቱ በሙሉ አይወድቅም።

ክረምቱን መቋቋም የቻለው ድንች የመጣው ከምርምር ነው። ብሔራዊው የድንች ምርምር እ.ኤ.አ. በ1975 ተጀምሮ፣ በ1987 «አለማያ 624» የተባለው ዝርያ ወጣ። ከዚያም ጎጃም ከሚገኘው ከአዴት የምርምር ማእከል «ዘንገና»ና «ጓሳ»፣ ከሆለታ ደግሞ «ጃለኔ»፣ «ጉደኔ»ና «በለጤ» ተከተሉ። በነዚህ አማካይነት ድንች ከበልግ ጓሮ ወደ ክረምት ማሳ ወጣ፤ ነጭ ሽንኩርትም በገበያው ምክንያት ተከተለው። ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ተክሉ ወደ ማሳ ሲወጣ በሬ ያርሰዋል፤ በሬ ሲያርሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ወደ አባወራው ኪስ ይገባል። በጓሮ ሳለ ግን የመቼ ይነሣና የስንት ይሸጥ ውሳኔ የእማወራዋ ነበር። የምርቱን ኩንታል ስንቆጥር ይህን አልቆጠርነውም።

በመዝገብ በኩል ግን መጠነኛ ለውጥ አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ከነጉልቱ ሻረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታ ዐዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ በመወሰኑ፣ የደባርቅ ከተማ ጓሮ ልክ ከዚያ በታች ሆነ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት ይዟል። ጭቃ ሹሙ ያላየው መሬት የባለቤትዋን ስም ያገኘው በዚህ ዘመን ነው።

የዘንድሮው ሰኔም እንደ ወትሮው ሥራው ብዙ ነው። የበልጉ ድንች ከወጣ በኋላ ትልልቁ ለገበያና ለድስት ይሄዳል፤ ትናንሹ ለዘር ይቀራል። ባለሙያዎች ይህን ልማድ ይቃወሙታል፤ ትንሽ ሆኖ የቀረው ድንች ብዙ ጊዜ ከታመመ እግር የተለቀመ ስለሆነ፣ ተክሉ ገና በአረንጓዴነቱ ሳለ ጤናማው እግር በእንጨት ምልክት ተደርጎበት ዘሩ ከዚያ እንዲለይ ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። አንዳንድ ባለ ጓሮዎችም ተቀብለውታል፤ የለዩትን ዘር ፀሐይ በማይመታው፣ ብርሃን ግን በሚያገኘው የቆጥ መደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ ደርድረው፣ አረንጓዴና ጠንካራ ጎንቁል እንዲያወጣ ለሚመጣው በልግ ያቆዩታል።